ጓንዡ ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትሄድ እህት፦ ከተማው በሙሉ «ተራ» ነው

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። አንዲት እህት መርካቶ ውስጥ የቦርሳና የሕፃናት ልብስ ሱቅ አላት። እስካሁን ከአስመጪዎች እየተረከበች ነበር የምትሸጠው። አሁን ራሷ ቻይና፣ ጓንዡ ልትሄድ ነው። ስምንት ቀን አላት። «ከተማው ማለቂያ የለውም ይሉኛል። የትኛው ሰፈር ልረፍ? የትኞቹን መንገዶች ልወቅ? አንድ ቀን ቢተርፈኝስ ምን ልይ? ደላላ ላይ ተንጠልጥዬ መሄድ አልፈልግም» ብላለች።

እህቴ፣ የመጨረሻዋን አባባልሽን ሳነብ ደስ አለኝ። ጓንዡ ውስጥ 11 ዓመት በአስተርጓሚነትና በጭነት ሥራ ኖሬያለሁ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ገንዘባቸው ሲበላ ያየኋቸው ነጋዴዎች ንግድ የማያውቁ አልነበሩም። ዋጋ ያውቃሉ፣ ዕቃ ያውቃሉ። የማያውቁት የቆሙበትን ቦታ ነው። ደላላው ከአንዱ ታክሲ አውርዶ ሌላው ውስጥ ይከታቸዋል፣ ስምንቱ ቀን ሲያልቅ የሄዱበትን መንገድ ስም እንኳ አልያዙትም፣ በሚቀጥለው ዓመትም ያንኑ ሰውዬ ይዘው ያንኑ መንገድ ይዞራሉ። ስለዚህ ከሱቅ ስም በፊት ከተማውን ላስይዝሽ።

አንቺ የመርካቶ ሰው ነሽና ነገሩ አይከብድሽም። መርካቶ ላይ ሸማ ፈልጎ በርበሬ ተራ የሚገባ የለም። ጓንዡም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ ተራው በከተማ ደረጃ መሆኑ ነው። ከ18 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የሚኖርበት ከተማ ሆኖ አንድ መንገድ በሙሉ ቦርሳ ብቻ፣ ሌላው መንገድ በሙሉ የሕፃናት ልብስ ብቻ፣ ሌላው መጫወቻ ብቻ ይሸጣል። ሱቅ ሳይሆን መንገድ ነው የምትፈልጊው። መንገዱን ካገኘሽ ሱቁ ራሱ ይመጣል።

መጀመሪያ አቅጣጫ። የከተማውን መሃል ወንዝ ይቆርጠዋል፣ እኛ ፐርል ወንዝ የምንለው፣ እነሱ ዡጂያንግ የሚሉት። ከወንዙ ሰሜን አሮጌው ከተማ ነው። በአስተዳደር 11 ክፍለ ከተሞች አሉ፤ አንቺን የሚመለከቱሽ ግን አምስቱ ብቻ ናቸው። ዩዌሺዩ አሮጌው መሃል ነው። ሊዋን ከሱ በስተ ምዕራብ ያለው፣ የድሮ ነጋዴዎች ሰፈር ነው። ሃይዡ ከወንዙ ማዶ፣ በደቡብ ነው። ቲያንሄ በምሥራቅ ያለው አዲሱ ከተማ፣ የፎቁና የቢሮው አገር ነው። ባይዩን ደግሞ ሰሜኑን ይዞ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው አቅጣጫ ይሄዳል። የቀሩት ስድስቱ ወይ ፋብሪካ፣ ወይ ወደብ፣ ወይ ዳር ናቸው።

ከዚያ አምስት ቃል ያዢ። ዶንግ ምሥራቅ፣ ሺ ምዕራብ፣ ናን ደቡብ፣ ቤይ ሰሜን፣ ዦንግ መሃል። ሌላ ቻይንኛ ባታውቂ እነዚህን እወቂ፤ ምክንያቱም የጓንዡ መንገድ ስም ራሱ ካርታ ነው። «ሉ» ማለት መንገድ ነው። ጂዬፋንግ ቤይ ሉ ሲሉሽ የጂዬፋንግ መንገድ ሰሜኑ ክፍል ማለታቸው ነው። ዣንሺ ሉ ሲሉሽ ከባቡር ጣቢያው በስተ ምዕራብ ያለው መንገድ ነው፤ «ዣን» ጣቢያ ነውና። አንዴ ይህ ከገባሽ ከተማው ጭንቅላትሽ ውስጥ ቁጭ ይላል።

አሁን ሦስት መንገድ በልብሽ ሳይ። አንደኛው ጂዬፋንግ ነው። ከወንዙ ተነስቶ ወደ ሰሜን ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ናን፣ ዦንግ፣ ቤይ ተብሎ በሦስት ይከፈላል። ሁለተኛው ሁዋንሺ ነው። ትርጉሙ «ከተማውን የሚዞር» እንደ ማለት ነው። ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል፣ በዋናው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ያልፋል፣ ከዚያ የአፍሪካ ነጋዴዎች በሚሰበሰቡበት ሰፈር በኩል አድርጎ ወደ ትልልቆቹ ሆቴሎች ይዘልቃል። ሦስተኛው ዦንግሻን ነው፣ በቻይና ሪፐብሊክ መሥራቹ በሱን ያት-ሰን ስም የተሰየመው። እሱም ምሥራቅና ምዕራብ ነው የሚዘረጋው፤ ግን በአቅጣጫ ፈንታ በቁጥር ይከፋፈላል። ከምሥራቅ አንድ ብሎ ይጀምርና ምዕራብ ጫፍ ላይ ስምንት ይደርሳል።

ዦንግሻን ላይ ቆም ልበል፤ ለአንቺ ወሳኝ ነውና። የሕፃናት ልብስ ያለው ዦንግሻን ባ ሉ፣ ማለትም ስምንተኛው ላይ ነው። ግን በዚህ ስም የሚጠሩ ሌሎች ሁለት ቦታዎች አሉ። ዦንግሻን ዳዳኦ የሚባለው አውራ ጎዳና ቲያንሄ ውስጥ፣ ከተማው ሌላኛው ጫፍ ላይ ነው። ዦንግሻን የሚባል ራሱን የቻለ ከተማም አለ፣ የመብራት ዕቃ የሚሠራበት። በመጀመሪያው ዓመቴ ከአዲስ አበባ የመጡ ሁለት ነጋዴዎችን ይዤ ለታክሲ ሹፌሩ «ዦንግሻን» ብቻ ብዬ ነገርኩት። ቲያንሄ ወስዶ አወረደን። ተመልሰን ስምንተኛው ስንደርስ ሱቆቹ መዝጊያ ሰዓታቸው ነበር። ሰዎቹ በማግስቱ ማታ በረራ ነበራቸው። የአንድ ሙሉ ቀን ሥራ አሳጣኋቸው፤ እስካሁን ሳስበው ይቆጨኛል። ስለዚህ የመንገድ ስም አፍሽ ላይ ሳይሆን ስልክሽ ላይ ይሁን፣ በቻይንኛ ፊደል ተጽፎ። ሹፌሮቹ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አያነቡም። ሆቴልሽ እንደደረስሽ የእንግዳ መቀበያዋን ልጅ የሆቴሉን ካርድ ጠይቂ፣ ፎቶ አንሺው።

የት ልረፍ ላልሽው፦ ሺያኦቤይ። ሳላመነታ ነው የምልሽ። ስሙ «ትንሹ ሰሜን» ማለት ነው፣ ዩዌሺዩ ውስጥ፣ ሁዋንሺ መንገድ ላይ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግርሽ) የአፍሪካና የአረብ ነጋዴ የሚሰበሰብበት ሰፈር ነው። ቲያንሺዩ የሚባለው ትልቅ ሕንፃ ዙሪያ፣ ከጀርባው ደንግፈንግ የሚባለው መንደር፣ መሃሉን የምትሰነጥቀው ባኦሃን የምትባል ጠባብ ጎዳና፤ ማታ ማታ ባኦሃን ላይ የበግ ሥጋ ጥብሱ፣ የቱርክ ዳቦው፣ የጭነት ወኪሎቹ ጽሑፍ፣ በፈረንሳይኛ፣ በአረብኛ፣ በእንግሊዝኛ ሲደራደር የሚያመሽ ሰው፣ ሁሉም በአንድ ላይ ነው። ከቻይና ምዕራብና ሰሜን የመጡ ሙስሊም ቻይናውያን የከፈቷቸው ምግብ ቤቶች ብዙ ናቸው። ጾም ላይ ከሆንሽ የቡድሃ እምነት ተከታዮች የሚበሉበትን ሥጋ አልባ ቤት ጠይቂ፣ በየሰፈሩ አይጠፋም፤ ግን እንቁላልና ወተት ይኑርበት አይኑርበት አጣሪ።

ሰፈሩ እንደ ድሮው አይደለም። በ2020 ሚያዝያ ላይ በኮቪድ ፍራቻ ብዙ አፍሪካውያን ከተከራዩት ቤትና ከሆቴል ተባረው መንገድ ላይ ያደሩበት ጊዜ ነበር። ያን ያየ ሰው አይረሳውም። ብዙዎቹ ወደየአገራቸው ገቡ፣ ከዚያ በኋላ ሁሉም ወደ ጓንዡ አልተመለሰም። ቢሆንም ለአዲስ ሰው አሁንም ከሺያኦቤይ የሚሻል ማረፊያ አላውቅም። እዚያ ብትጠፊ የሚመልስሽ፣ ብትታመሚ የሚያስተረጉምልሽ ሰው አለ። የኢትዮጵያ ቆንስላ ጽሕፈት ቤትም ጓንዡ ውስጥ ስላለ፣ ከመሄድሽ በፊት ስልኩን ያዢ።

አንድ ሕግ ግን በደንብ ስሚኝ። ቻይና የገባ የውጭ አገር ሰው ባደረ በ24 ሰዓት ውስጥ መኖሪያው ፖሊስ ዘንድ መመዝገብ አለበት። ሆቴል ካረፍሽ ሆቴሉ ራሱ ይመዘግብሻል። «ከሆቴል የረከሰ ክፍል አለኝ» ብሎ አፓርታማ የሚሰጥሽ ሰው ካለ ግን ምዝገባው ያንቺ ኃላፊነት ነው። ሺያኦቤይ ላይ ፖሊስ መንገድ ላይ ፓስፖርት ይጠይቃል። ፓስፖርትሽን ይዘሽ ውጪ። የጥቂት ዩዋን ቅናሽ ብለሽ ቅጣት ውስጥ አትግቢ።

ሺያኦቤይን የመረጥኩልሽ ሌላው ምክንያት ምድር ባቡሩ ነው። መስመር 5 ላይ ነው። አንድ ጣቢያ ወደ ምዕራብ ስትሄጂ ዋናው የጓንዡ ባቡር ጣቢያ ነው። ከዚያ ሺሱን፣ ሺቻንግ ብለሽ አራተኛው ላይ ዦንግሻንባ ትወርጃለሽ፤ የሕፃናት ልብሱ ደጃፍ ላይ ማለት ነው። ዋናው ባቡር ጣቢያ ላይ ወደ መስመር 2 ብትቀይሪ ደግሞ በስተ ሰሜን ቀጣዩ ጣቢያ ሳንዩዋንሊ ነው። ቦርሳው እዚያ ነው። አየሽ፣ የሁለቱም ሥራሽ ቦታ ከመኝታሽ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ታክሲ የሚያስፈልግሽ ናሙና ተሸክመሽ ስትመለሺ ብቻ ነው።

ወደ ቦርሳው ልግባ። ከዋናው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ጂዬፋንግ ቤይ ሉን ይዘሽ ወደ ሳንዩዋንሊ ስትወጪ ጉይሁዋጋንግ የሚባለው አካባቢ ይጀምራል። ግራና ቀኙ ሕንፃ ነው፣ እያንዳንዱ ሕንፃ ፎቅ በፎቅ ቦርሳ ነው። ትልቁና ስሙ የሚታወቀው ባይዩን የቆዳ ዕቃ ማዕከል ነው። ጥሩ ዕቃና ጥሩ ዋጋ የሚጠይቁ ትልልቅ ማሳያ ክፍሎች አሉት። ከሱ ዙሪያ ያሉት ሕንፃዎች ደግሞ ረከስ ያለውን፣ ሰው ሠራሽ ቆዳውን፣ የተማሪ ቦርሳውን ይይዛሉ። የኔ ምክር በመጀመሪያው ቀን ምንም አትግዢ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ዞር ዞር በይ፣ የሱቅ ካርድ ሰብስቢ፣ በካርዱ ጀርባ የሞዴሉን ቁጥርና ዋጋውን ጻፊ። ማታ ሆቴልሽ ቁጭ ብለሽ አወዳድሪ። በሁለተኛው ቀን የምትመለሺው አምስት ሱቅ ብቻ ጋ ይሁን።

እዚያው አካባቢ መንገድ ላይ የቦርሳ ፎቶ ይዘው «ና፣ ነይ» የሚሉ ልጆች ይጠጉሻል። የታዋቂ ብራንድ አስመስሎ የተሠራ ዕቃ ነው የሚያሳዩሽ፤ ፎቅ ላይ ወዳለ ዝግ ክፍል ይወስዱሻል። አትከተያቸው። ዕቃው ሕገ ወጥ ነው፣ ጉምሩክ ላይ ሊያዝብሽ ይችላል፣ ክፍሉ ውስጥ ስትገቢም ማን እንዳለ አታውቂም። ስም የሌለው ጥሩ ቦርሳ በራስሽ ምልክት አሠርተሽ ብታመጪ ይሻላል። ሱቆቹ ብዙዎቹ ፋብሪካቸው ሁዋዱ ክፍለ ከተማ፣ ሺሊንግ የምትባል የቆዳ ከተማ ውስጥ ነው። ብዛት ያለው ትዕዛዝ ካለሽ «ፋብሪካውን አሳየኝ» በይ። እውነተኛው አምራች ደስ ብሎት መኪና ይልክልሻል። የሚያመነታው ግን ራሱም ነጋዴ ነው፣ ከሌላ ወስዶ ነው የሚሸጥልሽ።

ስለ ሳንዩዋንሊ አንድ ነገር ልጨምር። ዛሬ የቦርሳ ሰፈር ይሁን እንጂ ቻይናውያን ስሙን የሚያውቁት በሌላ ነገር ነው። በ1841፣ በኦፒየም ጦርነት ጊዜ፣ የዚህ መንደር ገበሬዎች ዱላና ጦር ይዘው የእንግሊዝን ወታደር የገጠሙበት ቦታ ነው። እኛ ይህ ታሪክ ይገባናል። ለአንዱ ባለ ሱቅ «ስለ ሳንዩዋንሊ አውቃለሁ» ብዬ ስነግረው ሻይ ቀድቶ አስቀመጠኝ። ከዚያ በኋላ ያለው ድርድር ሌላ ነበር።

የሕፃናት ልብሱ፣ ዦንግሻን ባ ሉ፣ ከሳንዩዋንሊ ይቀላል። ሊዋን ውስጥ ነው፣ ሕንፃዎቹ ተጠጋግተው ነው ያሉት፣ ከጨቅላ እስከ 14 ዓመት ልጅ ልብስ ሞልቷል። መለኪያው ላይ ተጠንቀቂ። የቻይና የልጅ ልብስ ቁጥር በዕድሜ ሳይሆን በቁመት ነው፣ በሴንቲ ሜትር። 90 ያለው 90 ሴንቲ ሜትር ለሚሆን ልጅ ማለት ነው። ሻጩ አንድን ሞዴል የሚሰጥሽ በሙሉ ቁጥር ታስሮ ነው፤ ከመሃሉ መርጠሽ ማውጣት አይፈቅድም። አንቺ የምትሸጪው የትኛውን ዕድሜ በብዛት እንደሆነ ከሱቅሽ ደብተር አውጥተሽ ይዘሽ ሂጂ። ደግሞም ወቅቱ ከኛ ይለያል። ጥር ላይ ብትሄጂ እነሱ ክረምታቸው እያለቀ ስለሆነ ወፍራሙን ልብስ ጥለው የበጋውን እያወጡ ነው የምታገኛቸው። የወፍራም ሹራብ ቅናሽ ያን ጊዜ ነው ያለው። ለኛ ሐምሌና ነሐሴ ይሆናል።

የአዋቂ ልብስ ብትፈልጊ ባቡር ጣቢያው ዙሪያ ነው። ባይማ የሚባለው ትልቅ የልብስ ሕንፃ እዚያ ነው፣ ዣንሺ ሉ ላይ ደግሞ ልብስ፣ ጫማና ሰዓት አለ። አካባቢው ሰው ይበዛበታል። ቦርሳሽን ከፊትሽ አድርጊ።

ሺሳንሃንግ ግን ለብቻው ነው። ይህን ሰፈር በጣም ነው የምወደው። ትርጉሙ «አሥራ ሦስቱ የንግድ ቤቶች» ነው። ከ1757 እስከ 1842 ድረስ ከአውሮፓ በባሕር የሚመጣ ነጋዴ በቻይና ምድር ሊነግድ የሚፈቀድለት በዚህች ከተማ ብቻ ነበር፤ ከከተማውም በዚህች በወንዙ ዳር ባለች ቁራሽ መሬት ላይ ብቻ። ከአጥሩ ውስጥ አይገባም፣ ሚስቱን አያመጣም፣ የሚገበያየው መንግሥት ከፈቀደላቸው ቻይናውያን ነጋዴዎች ጋር ብቻ ነው። ሻይው፣ ሐሩ፣ ሸክላው በዚህች ጠባብ ደጃፍ ነው ወደ ዓለም የወጣው። ቤቶቹ በ1856 ተቃጠሉ፤ ቦታው ላይ ዛሬ መናፈሻ አለ። ከጎኑ ያለው መንገድ ግን ስሙን እንደያዘ አሁንም የጅምላ ልብስ ይሸጣል። ገና ሳይነጋ ነው የሚከፍቱት። እኩለ ቀን ገደማ ላይ ብትደርሺ እየዘጉ ታገኛቸዋለሽ። የሴት ልብስ አዲስ ፋሽን መጀመሪያ የሚታየው እዚያ ነው፤ ግን ፍጥነቱ ለአዲስ ሰው አይሆንም፤ ሻጩ ዞር ብሎ አያይሽም፣ ዋጋ ሁለቴ አይነግርሽም። በሁለተኛው ጉዞሽ ሂጂ።

ከሺሳንሃንግ ወደ ምሥራቅ በእግር ስትሄጂ ዪዴ ሉ ነው። የልጅ መጫወቻ፣ የበዓል ጌጥ፣ የጽሕፈት መሣሪያ፣ ከዚያ ደግሞ ድንገት የደረቀ ዓሣና የባሕር ምግብ ሽታ። መሃሉ ላይ በድንጋይ የተሠራ፣ ሁለት ሹል ማማ ያለው ትልቅ የካቶሊክ ካቴድራል አለ። ከ1863 እስከ 1888 ድረስ 25 ዓመት የፈጀ ሕንፃ ነው። እግርሽ ሲዝል ገብተሽ ተቀመጪ። ለሕፃናት ልብስ ሱቅሽ ትንንሽ መጫወቻና የፀጉር ጌጥ ከዚህ ብትይዢ አብሮ ይሸጥልሻል፤ ክብደቱም ቀላል ነው።

የቀረውን ቶሎ ቶሎ ልበልሽ፣ ጓደኞችሽ «ይህንን አምጪልን» ማለታቸው አይቀርምና። ጨርቅ በጣቃ የሚፈልግ ሃይዡ፣ ዦንግዳ ይሂድ። የመኪና ጌጣ ጌጥና መለዋወጫ ዮንግፉ ሉ ነው። የመዋቢያና የፀጉር ዕቃ ጂቻንግ ሉ፣ የድሮው አውሮፕላን ማረፊያ መንገድ። ሻይ ከወንዙ ማዶ ፋንግጹን። የቤት ዕቃና ሴራሚክ ጓንዡ ውስጥ አይፈለግም፣ ጎረቤት ከተማው ፎሻን ነው። ቲያንሄ ለጅምላ አይሆንሽም። የሚያማምሩ የገበያ ማዕከላት ናቸው፣ ዋጋቸው የችርቻሮ ነው።

ስለ ካንቶን ፌር ሰምተሽ ይሆናል። ከ1957 ጀምሮ የሚካሄድ ትልቅ የንግድ ትርኢት ነው፣ አሁን ሃይዡ ውስጥ ፓዡ በሚባለው ቦታ። በዓመት ሁለቴ፣ ሚያዝያ 15 እና ጥቅምት 15 በፈረንጅ አቆጣጠር ይከፈታል፣ በሦስት ዙር ይካሄዳል። ያንቺ ዕቃ ሦስተኛው ዙር ላይ ነው። ግን እዚያ የሚሠራው በትዕዛዝ ነው፣ ገንዘብ ከፍለሽ ዕቃ ይዘሽ አትወጪም። በዚያ ሰሞን የሆቴል ዋጋ እጥፍ ይሆናል። ለመጀመሪያ ጉዞሽ ከፌሩ ወቅት ውጭ ሂጂ እላለሁ። ከቻይና አዲስ ዓመት ዙሪያም ራቂ፤ ሠራተኛው ሁሉ አገሩ ስለሚገባ ሱቅና ፋብሪካ ለሳምንታት ይዘጋል።

ገንዘብ ላይ፦ አብዛኛው ሻጭ ለትዕዛዝ ሠላሳ በመቶ ቀብድ ይቀበላል፣ የቀረውን ዕቃው ሲያልቅ። የቀረውን ከመክፈልሽ በፊት ዕቃውን ዓይንሽ ይየው፣ ወይ የምታምኚው ሰው ካርቶን ከፍቶ ይየው። አንድ ደንበኛዬ ናሙናውን አይታ፣ ሙሉውን ከፍላ አገር ቤት ገባች፤ የደረሳት ግን ሌላ ቆዳ፣ ሌላ ዚፕ ነበር። ስልክ ብትደውል የሚያነሳ አልተገኘም። መንገድ ላይ የሚከፈለው ሁሉ በስልክ ነው፣ በዊቻትና በአሊፔይ። የውጭ ካርድ ይቀበላሉ፤ ያንቺ ባንክ ካርድ ይሠራል ያለሽን ሰው ሁሉ ግን አትመኚ፣ አዲስ አበባ ሳለሽ ሞክሪው። ጥሬ ዩዋንም ያዢ። ጉግል ካርታ እዚያ አይሠራም፣ የቻይናውን አማፕ ከመሄድሽ በፊት ጫኚ።

ዕቃሽ ሲጫን ወደቡ የት እንደሆነ እወቂ። ዱሮ መርከቡ የሚቆመው ሁዋንግፑ ነበር፤ አሁን ትልልቆቹ የኮንቴይነር መርከቦች የሚያነሱት ከናንሻ ነው፣ ከመሃል ከተማ በስተ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ወንዙ ባሕሩን የሚገናኝበት። አንዳንድ ወኪል ደግሞ ዕቃሽን ወደ ሼንዠን ወስዶ ከዚያ ይጭነዋል። ያ በራሱ ችግር የለበትም። ችግሩ መጋዘን፣ መኪናና የሰነድ እያለ ኋላ ላይ የሚጨምርብሽ ነው። ስለዚህ ሳትስማሚ በፊት ሦስት ነገር በጽሑፍ ጠይቂ፦ ከየትኛው ወደብ፣ በሲቢኤም (በሜትር ኩብ) ስንት፣ እስከ ጅቡቲ ነው ወይስ እስከ ሞጆ። በቃል የነገረሽ አይቆጠርም።

የምትተርፍሽን ቀን እንዲህ አድርጊያት። ጠዋት ጂዬፋንግ ቤይ ሉ ላይ ያለው የናንዩዌ ንጉሥ መቃብር ሙዚየም ግቢ። መቃብሩ የተገኘው በ1983 ለሕንፃ መሠረት ሲቆፈር ነው፣ ንጉሡ የተቀበረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው መቶ ዓመት። ውስጡ የዝሆን ጥርስ አለ። አጥኚዎቹ የአፍሪካ ዝሆን ነው ብለዋል። ዕጣንም ተገኝቷል። ከ2,000 ዓመት በፊት ከኛ በኩል ያለ ዕቃ እዚህ ደርሶ ነበር ማለት ነው። መስታወቱ ፊት ብዙ ቆሜ አውቃለሁ።

ከዚያ ቤይጂንግ ሉ ሂጂ፣ በመስመር 2 ጎንግዩዋንቺያን ወርደሽ። ለእግረኛ ብቻ የተተወ የገበያ ጎዳና ነው። መሃሉ ላይ መስታወት ተነጥፏል። ዝቅ ብለሽ እዪ፦ በ2002 ሲቆፈር የተገኙ፣ አንዱ በአንዱ ላይ የተነጠፉ የየዘመኑ መንገዶች ናቸው፣ ከታንግ ሥርወ መንግሥት ጀምሮ። ያንኑ መስመር ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ሰው ሲነግድበት ኖሯል። ሙስሊም ከሆንሽ ጓንግታ ሉ ላይ ያለው ሁዋይሸንግ መስጊድ ከዚያ በእግር ይደረሳል። ቻይና ውስጥ ካሉት በጣም ጥንታዊ ከሆኑት አንዱ ነው። 36 ሜትር የሚሆነው ማማው ዱሮ ከወንዙ ለሚመጡ መርከቦች መብራት ያሳይ ነበር ይባላል።

ከሰዓት ሊዋን ግቢና ሻንግሺያጂዩ የሚባለውን የገበያ ጎዳና ተመላለሺበት። የሱቆቹ ፎቅ ወደ ውጭ ወጥቶ በዓምድ ላይ ቆሟል፣ ሥሩ የእግረኛ መንገድ ነው። ዝናብም ፀሐይም አያገኝሽም። ጓንዡ ከግንቦት እስከ መስከረም ድንገት ነው የሚዘንበው፣ ሙቀቱም ይከብዳል። ያን አሠራር ስታዪ ለምን እንደተሠራ ወዲያው ይገባሻል።

ማታ ላይ ሻምያን ነው። ትንሽ ደሴት ናት፣ በድልድይ ትሻገሪያለሽ። በ1861 ለእንግሊዝና ለፈረንሳይ ተሰጥታ ስለነበር ቤቶቹ የአውሮፓ ናቸው፣ ዛፎቹ ግን ትልልቅ ዋርካ የሚመስሉ፣ ሥራቸው ከላይ የሚንጠለጠል ናቸው። ሽማግሌዎች ሥሩ ቁጭ ብለው ቼዝ ይጫወታሉ፣ ሙሽሮች ፎቶ ይነሳሉ። ማንም አይቸኩልም። ከስምንት ቀን ግርግር በኋላ እዚያ ተቀመጪ። ስትጨርሺ ሁዋንግሻ ጣቢያ ቅርብ ነው፣ መስመር 1። ጎንግዩዋንቺያን ላይ ወደ 2፣ ዋናው ባቡር ጣቢያ ላይ ወደ 5 ቀይረሽ ሺያኦቤይ ትገቢያለሽ። በማግስቱ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ደግሞ መስመር 2ን እስከ ጂያሄዋንግጋንግ ይዘሽ ወደ 3 ቀይሪ፤ ናሙናው ከበዛብሽ ግን ታክሲ ያዢ፣ ሻንጣ ይዞ ደረጃ መውጣት አያዋጣም።

የምትሄጂበትን ወርና በግምት ስንት ሲቢኤም እንደምትጭኚ ጻፊልኝ፣ ቀን በቀን አድርጌ አወጣልሻለሁ።